አልጣሽና የሐራጁ ሸክላ

ደሴ ከተማ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ አልጣሽ የምትባል ሴት ነበረች። ዕድሜዋ አርባን የተጠጋ፣ አንገቷ ረዘም ያለ፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ደጃፏ ላይ ቁርበት አንጥፋ ጥጥ ስትፈትል የሚያያት አዲስ ጎረቤት፣ «ይቺስ ሲፈጥራት ዝምተኛ ናት» ይል ነበር። የድሮ ጎረቤት ግን ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ይመጣል። ከጦርነቱ በፊት ደሴ ላይ ሰርግ ሲደገስ፣ «ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?» ከመባሉ በፊት «አልጣሽ ትመጣለች ወይ?» ነበር የሚባለው።

ባሏ ደምመላሽ መሰንቆ ይመታ ነበር። እሱ አንድ ቤት ግጥም ያወርዳል፤ እሷ ትቀበለዋለች። እሱ በነገር ወጋ ያደርጋታል፤ እሷ አጸፋውን ትመልሳለች። ሰው የሚሰበሰበው ለዜማው ብቻ አልነበረም፤ የባልና ሚስቱን እልህ ለመስማትም ጭምር ነው። ሁለቱም ያደሩት ለፊታውራሪ እንየው ነበር። ፊታውራሪው ዘፈንና ሥዕል ነፍሳቸው ነው። የአዳራሻቸው ግድግዳ በሥዕል የተሞላ፣ ጥጉ ላይ በገና የተሰቀለበት፣ መካከሉ ላይ ደግሞ አፉ እንደ አበባ የተከፈተ የሸክላ ማጫወቻ የተቀመጠበት ነበር። እንግዳ ሁሉ እየተደነቀ ገብቶ እየተደነቀ ይወጣል።

ጦርነቱ ሲመጣ ፊታውራሪው ወደ ሰሜን ዘመቱ። ደምመላሽም መሰንቆውን በትከሻው አንግቶ ተከተላቸው፤ ጦር ያለ አዝማሪ አይዘምትምና። ሁለቱም በዚያው ቀሩ። ከዘመቻው የተረፈ አንድ የሰፈር ሰው አሸንጌ አጠገብ ሲወድቁ በዓይኑ ማየቱን ነገራት። አልጣሽም አልቅሳ እርሟን አወጣች፤ ተዝካሩንም እንደ አቅሟ ደገሰች።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ ደግሞ አዝማሪ መሆን ራሱ ወንጀል ሆነ። «እነዚህ ወሬ አመላላሾች ናቸው፤ በግጥም ሰው ያነሣሣሉ» ተባለና ስንቱ መሰንቆ መቺ ታፍሶ ሳይመለስ ቀረ። የተረፈው መሰንቆውን ጣራ ሥር ወሽቆ ወይ እርፍ ጨበጠ፣ ወይ መንገድ ሥራ ገብቶ ድንጋይ ፈለጠ። አልጣሽም አፏን ዘጋች። ፍርሃቱ ግን የምክንያቱ ግማሽ ብቻ ነበር። ብቻዋን ስትሆን፣ ማንም በማይሰማት ሰዓት እንኳ፣ ላንጎራጉር ትልና ጀማሪ የሌላት ተቀባይ ትሆንና መልሳ ትተወዋለች።

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር አንድ ጠዋት፣ የግድግዳ ጎረቤቷ ከሪማ ከገበያ እየተጣደፈች መጣች። ከሪማ የሸማኔ ሚስት ናት። አልጣሽ የፈተለችውን የከሪማ ባል ይሸምነዋል፤ ሁለቱ ሴቶች በፆምም በፍስክም፣ በረመዳንም በፋሲካም ደጃፍ ለደጃፍ ሲጠራሩ የሚውሉ ናቸው።

«አልጣሽ! ሰማሽ ወይ? የፊታውራሪን ዕቃ ሐራጅ ሊያወጡት ነው። ቤቱን ለመሥሪያ ቤት ስለፈለጉት ያለውን ሁሉ ጠራርገው ፒያሳ አውጥተውታል።»

«ምኑን ሁሉ?»

«ሥዕሉን በይ፣ በገናውን በይ፣ ያን የሚናገረውን ሣጥን ሳይቀር።»

አልጣሽ እንዝርቷን ቁርበቱ ላይ አኖረች። «ሸክላዎቹስ?»

«ወላሂ እነሱን ልብ አላልኳቸውም። ምነው?»

አልጣሽ ከቁርበቱ ተነሣች። ከሸክላዎቹ በአንዱ ላይ የደምመላሽ ድምፅ ነበር። ጦርነቱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ዘፈን ሲቀርጹ፣ ፊታውራሪው ባልና ሚስቱን ይዘው ሄደው አስቀርጸው ነበር። ሸክላው ተሠርቶ ሲመጣ ደሴ ጉድ አለ። ሰው ሁሉ ተጋፍቶ ሰማው። አልጣሽ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብላ አልሰማችውም፤ ማጫወቻው ሲዘወር ሥራ ፈጥራ ትወጣ፣ ስለ ሸክላው ሲወራም ትሸሽ ነበር። ለምን እንደሆነ ከደምመላሽ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ወደ ጓዳ ገብታ የሰርጓን የብር አምባር ከተጠቀለለበት ጨርቅ አወጣች፤ ነጠላዋን አጣፋችና ከከሪማ ጋር ወደ ፒያሳ ወጣች።

የፊታውራሪው ዕቃ አንድ ግቢ ውስጥ ሣር ላይ ተዘርግቷል። ጣሊያኖች፣ ግሪኮች፣ የዓረብ ነጋዴዎች፣ የከተማው ሰዎች ዙሪያውን ከበዋል። ሐራጅ የሚጮኸው ሰውዬ ድምፁ ጎርናና ነው፤ ዕቃውን ብድግ እያደረገ፣ «ጨምሩ! የጨመረ ይወስዳል! አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» ይላል። አልጣሽ ያን አዳራሽ ልክ እንደ ቤቷ ታውቀው ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ዕቃ ከቦታው ተነቅሎ ሣር ላይ ሲታይ ያነሰ፣ ያረጀ መሰላት።

መጀመሪያ ሥዕሎቹ ወጡ። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በተርታ በተርታ የተሣለበትን ሸራ አንድ ዓረብ ወሰደው። ቀጥሎ ፊታውራሪው በቀይ ፈረስ ተቀምጠው አንበሳ ሲወጉ የሚያሳየው ሥዕል ተነሣ። ጺሙን የተላጨ፣ መነጽር ያደረገ የጣሊያን መኮንን ዋጋውን ሰቅሎ ሌሎቹን ዝም አሰኛቸው። ሥዕሉን ከተቀበለ በኋላ በአስተርጓሚው በኩል፣ «ፈረሰኛው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የከተማው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አስተርጓሚውም ትከሻውን ነቅንቆ፣ «አንድ አዳኝ ነው» አለው። በገናውን አንድ ግሪክ ለሆቴሉ ግድግዳ ብሎ ገዛና አውታሩን ቁልቁል ዘቅዝቆ ይዞት ሄደ። ከሪማ የአልጣሽን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

በመጨረሻ ማጫወቻውና የሸክላው ሣጥን ወጡ።

አልጣሽ ሰው ገፍታ ወደ ፊት ቀረበች። «ወንድሜ፣ እኔ ማጫወቻውን አልፈልግም። ከሣጥኑ አንድ ሸክላ ብቻ ስጡኝ» ብላ አምባሯን ዘረጋች።

ሐራጅ የሚጮኸው ሰውዬ አያት። ድሮ በሰርግ ላይ ሰምቷት ኖሮ ዓይኑ ሲለያት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እኔ ጯሂ ነኝ እንጂ አዛዥ አይደለሁም። ሸክላው ከማጫወቻው ጋር አብሮ ይሂድ ተብሏል። አምባር ደግሞ አይቀበሉም።» ወዲያው ቀና ብሎ ጩኸቱን ቀጠለ።

ማጫወቻው ጎኑ ተፍቆ፣ አፉ ተቆልምሞ ስለነበር ጣሊያኖቹ ብዙም አልፈለጉት። ሁለት ሦስት ሰው ተጫረተና አንድ ወፍራም፣ ጺሙን ሂና የተቀባ፣ ቆብ ያደረገ ሰው ወሰደው። ከሪማ፣ «ይኼማ አብዱልወሀብ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ለካሚዮን ነጂዎች ሻይ ቤት ያለው» አለች።

አልጣሽ ዕቃውን ካሚዮን ላይ ሲያስጭን ደረሰችበት።

«አያ፣ እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምን ልርዳሽ እኅቴ?»

«ከገዙት ሸክላ ውስጥ የባለቤቴ ድምፅ አለ። እሱ ከዘመቻ አልተመለሰም። እንዲሰጡኝ አልልም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያሰሙኝ።»

አብዱልወሀብ ጺሙን ዳሰሰ። ሰውዬው ለነገር አይቸኩልም። «ባሰማሽ ደስ ባለኝ፤ ይኼ ግን ዲዳ ነው። ገዝቼ ስዘውረው ክርር ብሎ ቀረ። ጥቅልል ብረቱ፣ ሞላው፣ ተሰብሯል። ነጂዎቹን ይሰበስብልኛል ብዬ ነበር፣ እንግዲህ የአላህ ፈቃድ። ኮምቦልቻ መካኒክ ሞልቷል፤ አንድ ቀን ይናገር ይሆናል። አብሽሪ፣ የተናገረ ቀን አስጠራሻለሁ።»

ካሚዮኑ አቧራውን አስነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት ወረደ። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት አለፈ፤ የሚጠራት ሰው አልመጣም። አልጣሽ ፈትሉ ይበጠስባት ጀመር። ከሪማ ይህን አይታ አንድ ቀን ቆጣ አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው የባሉን ድምፅ ሻይ ቤት ጥሎ ቁጭ ይላል? ሂጂና ራስሽ አናግሪው! ጥጡ የትም አይሄድ።»

«ሄጄስ ምን አደርጋለሁ?»

«ዳቦ መጋገር ታውቂ የለ? ሻይ ቤት ዳቦ አይጠላም። ሂጂ ብዬሻለሁ።»

በማግስቱ አልጣሽ ዱቄት የጫነ ካሚዮን ላይ ተሳፈረች። የሐረጎን ጥምዝምዝ ቁልቁለት ስትወርድ የደሴ ብርድ ከትከሻዋ እየወረደ፣ የቆላው ሙቀት ፊቷን እየዳሰሰ ሄደ። ኮምቦልቻ ያኔ ድንኳንና ቆርቆሮ የበዛባት፣ ከአሰብና ከአሥመራ የመጣ ካሚዮን የሚያርፍባት፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ የሚጮህባት መንደር ነበረች። የአብዱልወሀብ ሻይ ቤት ከመንገዱ ዳር ነው። አልጣሽ ስትገባ ማጫወቻው ጥግ ላይ ተጥሎ፣ በላዩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተደርድሮበት አገኘችው።

አብዱልወሀብ አፈረ። «ወላሂ ሥራው ወጠረኝ እንጂ ረስቼሽ አይደለም።»

«ግድ የለም። ዳቦ ልጋግርልዎት፤ እስኪሠራ ድረስ እዚሁ እቆያለሁ» አለች። ይህን ስትለው የራሷ ድፍረት ለራሷም ገረማት።

አልጣሽ የምትጋግረው ዳቦ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ነበርና ነጂዎቹ ወደዱት። እሷ ግን ዳቦውን እያወጣች ዓይኗ ከጥጉ አይነሣም። ከነጂዎቹና ከመካኒኮቹ ሁሉ፣ «ይህን የሚጠግን ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ብዙዎቹ፣ «የኛ እጅ ለካሚዮን ነው» እያሉ አለፏት። አንድ ፈንታሁን የሚባል፣ ከዋድላ የመጣ፣ እጁ በቅባት የጠቆረ ጎልማሳ ግን ቁጭ ብሎ ሣጥኑን ፈታው። ጥቅልሉን ብረት አውጥቶ አየና፣ «የተሰበረው ጫፉ ላይ ነው። ጫፉን በእሳት አለስልሼ ሌላ ቀዳዳ እበሳለታለሁ። ትንሽ ያጥራል፤ ቶሎ ቶሎ መዘወር ነው እንግዲህ» አለ።

«መርፌውስ? መርፌውም የለም።»

«የግራር እሾህ አለ።»

አልጣሽ ሳቀች። አብዱልወሀብ ሻይ ሲቀዳ ቀና ብሎ አያት፤ ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር።

ፈንታሁን ብረቱን ይዞ ሄዶ ሳለ አብዱልወሀብ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «እኅቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ ሸክላ ስንት ዓመት እዚያው ደሴ ከፊታውራሪው ቤት ነበር። እንዴት ሳትሰሚው ቀረሽ?»

አልጣሽ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። ለከሪማ እንኳ ያልነገረችውን ለዚህ ሰው ነገረችው። አዲስ አበባ ላይ አንድ የታፈነ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው፤ ሰው የለ፣ እልል የሚል የለ፤ ፊት ለፊታቸው የብረት አፍ ብቻ ነው። ፈረንጁ በእጁ «ጀምሩ» ብሎ ሲጠቁም ደምመላሽ ጀመረ፤ የእሷ ተራ ሲደርስ ግን ድምፅ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ደገሙት፤ አሁንም እንቢ አላት። ፈረንጁ ተቆጣ። ደምመላሽ፣ «ተዉአት፤ ብቻዬን እሠራዋለሁ» ብሎ አስወጣትና ደጅ ቆማ አለቀሰች። ብቻውን ተቀረጸ።

«ሸክላው ሲመጣ ሰው ሁሉ ‹የደምመላሽና የአልጣሽ› እያለ ሲሰማው፣ እኔ ግን የሌለሁበትን መስማት አፈርሁ። ተራዬን እሱ ሞልቶት ነው የሚሆነው። ቢሆንም ዛሬ እሱም ይሁን፤ ድምፁን ብቻ ልስማ።»

አብዱልወሀብ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው በሕይወት እያለ ስንቱን ‹ነገ እሰማዋለሁ› ይላል» አለና ወደ ሻዩ ተመለሰ።

ፈንታሁን ማጫወቻውን የገጠመው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሻይ ቤቱ በነጂዎች ተሞልቶ ነበር። አልጣሽ ሣጥኑን ከፍታ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ማንበብ ባትችልም ያን ቀይ ክብ ወረቀትና ጠርዙ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ታውቃቸዋለች። አውጥታ ሰጠችው። ፈንታሁን ዘወረው፤ እሾሁን ቀስ አድርጎ አሳረፈ። የእሾህ ድምፅ ረጋ ያለ ነውና ሰው ሁሉ ለመስማት ብርጭቆውን አስቀመጠ።

መጀመሪያ ሽርርር አለ። ስንጥቋ በዞረ ቁጥር ቋ፣ ቋ ትላለች። ከዚያ መሰንቆው መጣ፤ ከመሰንቆው ኋላ ደምመላሽ፦

*የጦሳ ጉም ወርዶ መንገዱን ቢጋርደው፣*
*ድምፅሽ ነው እግሬን ከደጅሽ የሚያወርደው።*

አልጣሽ የግድግዳውን ምሰሶ ያዘች። ድምፁ ቀጥኗል፤ ከሩቅ ተራራ የሚጠራ ይመስላል፤ ግን እሱ ነው፣ ራሱ ነው። አሁን የእሷን ተራ ራሱ ሞልቶ ይቀጥላል ብላ ጠበቀች። አልቀጠለም። መሰንቆው ብቻውን ዞረ። አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ ዞረ፤ የግጥሙን ቤት ባዶ ትቶ ይጠብቃል። በመካከሉ፣ መሰንቆው ሥር፣ ደምመላሽ በለሆሳስ፣ «በይ እንጂ» ሲል ተሰማ።

ያን ቀን ደጅ ቆማ ስታለቅስ፣ እሱ ውስጥ ሆኖ ቦታዋን ሳይነካ እየተወላት ነበር ማለት ነው። ሌላ ግጥም አወረደ፤ እንደገና ተወላት። ሸክላው አልቆ ሽርርር አለ።

አብዱልወሀብ እንባውን በቆቡ ጠርጎ፣ «ድገመው» አለ።

ፈንታሁን ዘወረና ደገመው። ደምመላሽ ግጥሙን አውርዶ መሰንቆው ባዶውን መዞር ሲጀምር፣ አልጣሽ ሳታስበው አፏን ከፈተች፦

*ቦርከና ሞላና መሻገሪያ አጣሁኝ፣*
*አንተ ወዲያ ማዶ እኔ ወዲህ ቀረሁኝ።*

ድምፅዋ ስንት ዓመት ተቀብሮ ስለቆየ መጀመሪያ ሻከረ፤ በሁለተኛው ቃል ግን ጠራ። መሰንቆው ልክ ስትጨርስ ተቀበላት። ነጂዎቹ ተነሥተው ቆሙ። ደምመላሽ ሁለተኛውን አወረደ፤ አልጣሽ አሁን ዓይኗን ገልጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ መለሰች፦

*ቦርከና ቢሞላ በክረምት ጉልበቱ፣*
*መጉደሉ አይቀርም ሲመጣ ወራቱ።*

አንድ ሽማግሌ ነጂ «ወይ መቅለጥ!» ብሎ ጉልበቱን መታ። ወዲያው አጠገቡ ያለው ጎሸም አደረገው። ምን ዓይነት ውሃ እንደሞላና ምን ዓይነት ወራት እንደሚጠበቅ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

በዚህ ጊዜ በሩ ጨለመ። ጠመንጃ ያነገተ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ቆሟል። ከመንገድ ላይ ሰምቶ ነው የመጣው። ሸክላው ብቻ ሽርርር ይላል።

«ማነው የዘፈነው?» አለ በትግርኛ በተቃኘ አማርኛ።

አልጣሽ ወደ ጓዳው በር አፈገፈገች። አብዱልወሀብ ግን ሻይ መቅዳቱን ሳያቋርጥ፣ «ሸክላው ነው፣ ወንድሜ» አለ።

አስካሪው ቀስ እያለ ገባ። በተቆለመመው አፍ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ቀጥሎ አልጣሽን አያት፤ የላበ ግንባሯን፣ የሚንቀጠቀጥ ከንፈሯን አየ። ከዚያ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«ጥሩ ሸክላ ነው» አለ። «የኔም እናት እንዲህ ያለ ሸክላ ነበረች። ግን አለቃዬ ጆሮው ቀጭን ነው፤ ቀስ አድርጋችሁ አጫውቱት።» ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ወጣ። አንዱ ሳቅ ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ከዚያ ወዲያ የኮምቦልቻው ሸክላ ዝናው ወጣ። ነጂዎቹ እስከ ወልድያ፣ እስከ ደብረ ብርሃን አወሩለት፤ «ወንዱ ሁልጊዜ ያንኑ ይላል፣ የሴቷ ግጥም ግን በየቀኑ ይለዋወጣል» ይላሉ። የማያውቅ ሰው እንደ ተአምር ሰማው። የሚያውቅ አላጋለጠም። አልጣሽ ጠዋት ዳቦ ስትጋግር ግጥም ታስባለች፤ ከሰዓት በኋላ ከባሏ ጋር ትዘፍነዋለች። አንዳንድ ቀን ትወቅሰዋለች፣ አንዳንድ ቀን ትቀልድበታለች፣ አንዳንዴም የነጂዎቹን ስም እየጠራች ታሞግሳለች።

ወሬው ግን መድረስ ወደማይገባው ጆሮም ደረሰ። በመጋቢት አንድ ቀን፣ ያ መነጽር ያደረገው፣ የፈረሰኛውን ሥዕል የገዛው መኮንን ከአስተርጓሚው ጋር ሻይ ቤቱ ደጅ ከመኪና ወረደ። ብርቅ ዕቃ መሰብሰብ የሚወድ ሰው ነው፤ ግጥሙ የሚለዋወጥ ሸክላ አለ ሲባል ሰምቶ ሊገዛ መጥቷል።

አብዱልወሀብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበለው። አልጣሽ የዳቦውን ሰፌድ እንደያዘች የጓዳው በር ላይ ቆመች። እሷና አብዱልወሀብ ተያዩ። ፈንታሁን ሸክላውን ዘወረ።

ደምመላሽ ዘፈነ። መሰንቆው ብቻውን ዞረ። «በይ እንጂ» አለ። አልጣሽ ከንፈሯን ነከሰች። ግጥሙ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሲገፋት ይሰማታል። ያን ቀን አዲስ አበባ ላይ ዝምታው ይዟት ነበር፤ ዛሬ ግን ዝምታውን የያዘችው እሷ ናት። መሰንቆው ዞሮ ዞሮ አለቀ።

መኮንኑ ግራ ገባው። «ይህ ሰውዬ ምን እያለ ነው?»

አስተርጓሚው፣ «ሴት እየጠራ ነው» አለው።

«ታዲያ ሴትየዋ የት አለች?»

አብዱልወሀብ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «አልመጣችም በልልኝ።»

መኮንኑ ሳቀ፤ «ጎደሎ ነው፣ ደግሞም ተሰንጥቋል» ብሎ በእጁ አጣጣለውና ወደ መኪናው ተመለሰ። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አብዱልወሀብ ሸክላውን አንሥቶ በጨርቅ ጠረገና ለአልጣሽ ዘረጋላት።

«ውሰጂው። ከመጀመሪያውም ያንቺ ነበር። ዛሬ ያ ሰው ቢገዛው ኖሮ ምን እመልስልሽ ነበር?»

አልጣሽ ተቀብላ በሁለት እጇ ያዘችው፤ መልሳ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠችው። «ቤቴ ማጫወቻ የለኝም፣ አያ። እዚህ ሰው ይሰማዋል። እሱም ሰው ሲሰማው ነው የሚወደው።»

ፈንታሁን ይህን ሁሉ ከዳር ሆኖ ያይ ነበር። ሰው ሲበተን ወደ ጋራዡ ሄዶ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። ሲፈታው መሰንቆ ነው። ቆዳው ላልቷል፣ ጭራው ሳስቷል።

«አንተም?» አለች አልጣሽ።

«እኔም» አለ። «መፍቻ ከያዝሁ ወዲህ አልነካሁትም። በየቀኑ ሸክላ ስዘውርልሽ እጄ ሲያሳክከኝ ነው የከረመው። የሱን ቦታ አልፈልግም። ሸክላው በማይደርስበት ቦታ ግን አንድ መሰንቆ ያስፈልግሻል።»

አልጣሽ ወዲያው እሺ አላለችም። ለሁለት ሳምንት ያህል ነገሩን ሳታነሣው ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን ዳቦ እያወጣች፣ «ጭራውን ቀይረኸዋል?» አለችው። እሺታዋ እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት የጣሊያኖቹ ቁጥጥር ትንሽ ላላ ብሎ ነበር፤ በየግቢው ከበሮ መሰማት ጀምሯል። በግንቦት የከሪማ ልጅ ሳፊያ ተዳረች። ሰርጉ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከሙሽራው ወላጆች ግቢ ነው። ከሪማ ኮምቦልቻ ድረስ ሰው ልካ፣ «አልጣሽ ካልመጣች ልጄን አልድርም» አሰኘች። አብዱልወሀብም ሻይ ቤቱን ዘግቶ ከአልጣሽና ከፈንታሁን ጋር በካሚዮን ሐረጎን ወጣ።

ዳሱ ሞልቷል። አልጣሽ ስትገባ የድሮ ጎረቤቶቿ እርስ በርሳቸው ተነካኩ። አንዲት አሮጊት፣ «እውነት እሷ ናት?» ብላ ተነሥታ ፊቷን በእጇ ዳሰሰቻት። ከሪማ ገና ሳይጀመር እልልታዋን አቀለጠችው።

ፈንታሁን መሰንቆውን አሟሽቶ ጀመረ። አልጣሽ ሁለት ቃል እንዳለች ቅኝቱ ከፍ ስላለባት እጇን አነሣችና አስቆመችው።

«ወንድሜ፣ ከዚያ ላይ ማን ሊደርስብህ ነው? ዝቅ አድርግልኝ።»

«እኔ የለመድሁት እዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ የለመድሁት እዚያ ታች ነው። እንግዲህ መሐል መንገድ፣ ሐረጎ ላይ እንገናኝ።»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ፈንታሁን እየሳቀ ቁልፉን ጠምዘዝ አደረገ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ አሁንም ጥቂት አላላው። አልጣሽ አንገቷን ቀና አደረገች። ፀሐይ ገና ከጦሳ ተራራ በላይ ነበረች፤ ሙሽሪትም ገና ከጓዳ አልወጣችም ነበር።